ከሰሉን ጥለው ማታውን በምን ያዙት?

ባለፈው እትም ስለ ኦርስቴድ ጽፈን ነበር። የዴንማርክ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው፤ ድንጋይ ከሰል እያነደደ ኖሮ በአሥር ዓመት ገደማ ወደ ነፋስ የዞረ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው ደግሞ ከጎጃም ነው። ዙሪያውን ዓባይ የከበበው ሰው ስለ መብራት ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ስማችን አይጻፍ ያላችሁ ስላላችሁ የሁላችሁንም ትቼ አገራችሁን ብቻ ጽፌአለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፣ ቁጣውን ግን አልነካሁትም። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹና አብረዋቸው የተጻፉት ወሮችና ቀኖች ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ «በከሰል እንጀራ የበላ ኩባንያ ከሰሉን ለምን ይጥላል? ለጽድቅ ነው እንዳትለኝ ብቻ።» የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ለጽድቅማ አይደለም መምህር። ኩባንያው የተፈጠረው በ2006 ስድስት የዴንማርክ የኃይል ድርጅቶች ሲዋሃዱ ነው። ያኔ ስሙ ዶንግ ኢነርጂ ነበር። ከሚያመርተው ኤሌክትሪክና ሙቀት 85 በመቶው ከድንጋይ ከሰልና ከመሰሎቹ ነዳጆች ይገኝ ነበር፣ ከታዳሽ ምንጭ የሚገኘው 15 በመቶ ብቻ። ጭራሽ ጀርመን ውስጥ ሉብሚን በሚባል የባሕር ዳርቻ አዲስ ትልቅ የከሰል ማመንጫ ሊተክል ተነስቶ ነበር። የአካባቢው ሰው አሻፈረኝ አለ። ጭቅጭቁ ዓመታት ፈጀና በ2009 መጨረሻ ፕሮጀክቱን ጥለው ወጡ። ነገሩ የዞረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የከሰል ጣቢያ የሚተከለው ለአርባ ዓመት ነው፤ ገና ሳይተከል እንዲህ ካጣላ አርባ ዓመት ሙሉ ማን ያሠራዋል? በዚያው ዓመት 85 ለ15 የነበረውን በአንድ ትውልድ እንገለብጠዋለን አሉ። በ2019 የታዳሹ ድርሻ 86 በመቶ ደረሰ።

እንዴት አደረጉት? አሮጌዎቹን ጣቢያዎች በሙሉ አፍርሰው አልጣሉም። ዴንማርክ ውስጥ የከሰል ጣቢያ መብራት ብቻ አይሰጥም፣ የከተማውን ቤት የሚያሞቀውን ሙቅ ውኃ በቧንቧ የሚልከውም እሱ ነው። በክረምት ዘግተኸው ብትሄድ ሕዝቡ በብርድ ያልቃል። ስለዚህ ብዙዎቹን ማሞቂያዎች የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪና ገለባ እንዲያነዱ ቀየሯቸው። ይህ ንጹሕ ነው ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔም ብዙ አልተዋጠልኝም፣ ዛፍ ቆርጦ በመርከብ አጓጉዞ ማንደድ መቼም ከጭስ ነጻ አይደለም።

ሌላው ባሕር ላይ የሚተከል ነፋስ ነው። በ1991 ቪንደቢ ላይ 11 ተርባይን ሲተከል ሁሉም ተደምረው 5 ሜጋ ዋት (አንዱ ሜጋ ዋት ሚሊዮን ዋት ነው) እንኳ አይሞሉም ነበር። ያ ሙከራ አድጎ አድጎ እንግሊዝ ባሕር ላይ ሆርንሲ አንድ የተባለው ብቻውን ከ1,200 ሜጋ ዋት በላይ ሆነ። በ2017 የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶቻቸውን ሸጡ፣ ስማቸውንም በ1820 ኤሌክትሪክና ማግኔት መገናኘታቸውን ባሳየው በዴንማርኩ ሊቅ በሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ ለወጡ።

ግን መምህር፣ ሁለት ነገር እንዳይረሳ። አንደኛ፣ የኩባንያው አብላጫ ባለቤት መንግሥት ነው። ለነፋሱም ለዓመታት የተረጋገጠ ዋጋ ይከፈል ነበር። በባዶ ኪስ የተዞረ መንገድ አይደለም። ሁለተኛ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በ2022 አውሮፓ ጋዝ ሲያጥራት መንግሥት የሚዘጉትን የከሰል ጣቢያዎች አቆዩ ብሎ አዘዘ። የመጨረሻው፣ የኤስቢየርጉ፣ የተዘጋው ነሐሴ 31 ቀን 2024 ነው። በ2023 ደግሞ አሜሪካ የጀመሯቸውን ሁለት የባሕር ነፋስ ፕሮጀክቶች ሰርዘው በቢሊዮን የሚቆጠር ክሮነር (የዴንማርክ ገንዘብ) ከሰሩ። በ2025 ከባለ አክሲዮኖቻቸው 60 ቢሊዮን ክሮነር ለመሰብሰብ ተገደዋል።

ጥያቄ፦ «ፀሐይ ማታ የለችም፣ ነፋስም ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ከሰሉን ከዘጉ ማታውን በምን ይይዙታል? ፍሌክሲብል ጄኔሬሽን ይሉናል ክፍል ውስጥ፣ ስሙን እንጂ ነገሩን ማንም በደንብ አላስረዳንም።» ልጃችሁ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ትልቁን ጥያቄ የጠየቅኸው አንተ ነህ። ከሰል መዝጋቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ማታውን መያዝ ነው።

ኤሌክትሪክ በመስመር ላይ አይጠራቀምም። በዚህች ሰኮንድ የሚመነጨውና በዚህች ሰኮንድ የሚበላው እኩል መሆን አለባቸው። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፣ አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲዘገይ ትልሙ ይበላሻል። መበላሸቱ የሚታየው በፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ በሚያሳየው ቁጥር ነው። በእኛ አገር 50 ኸርዝ ላይ መቆም አለበት። ሰው ብዙ ሲጠቀም ይወርዳል፣ ትንሽ ሲጠቀም ይወጣል። ብዙ ከወረደ መከላከያው ከተማ ከተማውን እየቆረጠ ይጥላል። አንዳንዴ በአንድ ቅጽበት ግማሽ አገር የሚጨልመው ለዚህ ነው።

አሁን ምሽቱን አስበው። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትገባለች። በዚያችው ሰዓት ሁሉም ቤቱ ይገባል። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምጣዱ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የፀሐይ ጣቢያው ዜሮ ይሆናል፣ ፍላጎቱ ጣሪያ ይነካል። ያንን ገደል የሚሞላልህ ነገር በጥቂት ደቂቃ ተነስቶ፣ ካስፈለገም በጥቂት ደቂቃ የሚተኛ መሆን አለበት። ፍሌክሲብል የሚሉት ይህንን ነው። የከሰል ጣቢያ እዚህ ላይ ሰነፍ ነው። ማሞቂያው ከቀዘቀዘ ውኃውን አፍልቶ፣ ብረቱን ቀስ አድርጎ አሙቆ ሙሉ ኃይል እስኪሰጥ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አይጠፋም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ሥራ ይነዳል።

ምትኩ ብዙ ዓይነት ነው። እንደ ፊንላንዱ ቫርትሲላ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ትልልቅ የጋዝ ሞተሮች አሉ፤ ከተነሱ በሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ሙሉ ኃይል ይሰጣሉ። አንድ ትልቅ ጣቢያ ሳይሆን የሞተር መደዳ ስለሆነ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ታስነሳለህ። ጋዝ ያጨሳል፣ እሱ አይካድም። ግን በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት የሚሠራና ሃያ አራት ሰዓት የሚነድ እኩል አይደሉም።

ባትሪም አለ። ደቡብ አውስትራሊያ የመጨረሻውን የከሰል ጣቢያዋን በግንቦት 2016 ዘጋች። በመስከረም አውሎ ነፋስ የማስተላለፊያ ምሰሶዎቹን ጣለና ክፍለ ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። ከሰሉን በመዝጋታችሁ ነው፣ አይደለም ነፋሱ ምሰሶውን ስለጣለ ነው፣ እየተባለ ብዙ ተጨቃጨቁ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በታኅሣሥ 2017፣ ሆርንስዴል ላይ 100 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ባትሪ ሥራ ጀመረ፤ በወቅቱ ከዓለም ትልቁ። ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ግን የሚይዘው 129 ሜጋ ዋት ሰዓት ብቻ ነበር። አካፍለውና ታገኘዋለህ፣ በሙሉ ኃይሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ባትሪ ድንገቴውን ይይዝልሃል፣ ሌሊቱን ግን አያሳድርህም። ይህን የማይነግሩህ ሻጮች ብዙ ናቸው።

ዌልስ ውስጥ ዲኖርዊግ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ። ሌሊት መብራት ሲተርፍ ውኃ ወደ ተራራ ይገፋል፣ ሲያስፈልግ ይለቀዋል። ተርባይኖቹ በተጠንቀቅ ላይ ካሉ ከ20 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ከ1,300 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። ዴንማርክ ተራራ የላትም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በባሕር ሥር ገመድ ከኖርዌይ ግድቦች ጋር ተገናኝታለች። ነፋሷ ሲበዛ ትልካለች፣ ኖርዌይ ያኔ ውኃዋን ትቆጥባለች። ነፋሱ ሲጠፋ ኖርዌይ ውኃውን ከፍታ ትመልስላታለች። ባለፈው እትም ያላነሳነው ነገር ይህ ነው። የዴንማርክ ነፋስ የቆመው በኖርዌይ ውኃ ላይ ነው።

ወደ አገርህ ና እንግዲህ። አንተ ካለህበት ከባሕር ዳር ብዙም ሳትርቅ ፍሌክሲብሉ አለልህ። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አራት ተርባይን ነበረው፣ እያንዳንዳቸው 115 ሜጋ ዋት። ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይጥለዋል። ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት። የዓባይ ግድብ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ። እነዚህን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፈረንጁ በስንት ቢሊዮን የሚገዛው ነገር እኛ ጋ ግድብ ሆኖ ተቀምጧል። እንደ ከሰል ጣቢያ ቀንም ሌሊትም እኩል እንዲነዳ ካደረግነው ግን ከንቱ ነው። ቀን ፀሐይና ነፋስ ይሥሩ፣ ውኃው ለማታ ይቆይ። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ካጣህ ይኸው። አንድ ነገር ግን ጨምርበት። ከግድቡ በታች የሱዳን ሮዛሪስ አለ፣ ስለዚህ የሚለቀቀው ውኃ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል እዚያ ላሉት አስቀድሞ መነገር አለበት።

ጥያቄ፦ «ግድቡ ተመረቀ፣ ደስ ብሎን ጨፍረናል። የእኔ ወፍጮ ግን አሁንም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቆማል። አንዴ መብራቱ ደከም ብሎ መጥቶ ሞተሬን አቃጠለብኝ፣ የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ያናገረኝ የለም። ሶላር ብገዛ ይሻለኛል?» የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ከደምበጫ

ጋሼ፣ ቁጣዎ ልክ ነው። ግን ግድቡን አይቆጡት። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ ትልቁ መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ወደ ሆለታ ይሄዳል። ያ መስመር በእርስዎ ወፍጮ ደጅ ቢያልፍ እንኳ አንድ አምፖል አያበራልዎትም። ከዚያ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፣ ይቀንሳል፣ ከዚያ በእንጨት ፖል ላይ በቀጭኑ ሽቦ ይመጣል፣ ከዚያ ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር ጋ ይደርሳል። የሚበጠሰውና የሚቃጠለው እዚህ ጫፉ ላይ ነው። ዛፍ ይወድቅበታል፣ ፖሉ ይበሰብሳል፣ ለሃምሳ ቤት የተተከለ ትራንስፎርመር መቶ ሃምሳ ቤት ይሸከማል። ምንም ያህል ሜጋ ዋት ቢጨመር ይህ ካልተስተካከለ ወፍጮው መቆሙ አይቀርም። ስለ ኃይል ሲወራ ሁልጊዜ ግድብ ግድብ የሚባለውን አልወደውም። ሪባን የሚቆረጥለት ግድብ እንጂ ፖል አይደለም።

ሞተሩን ያቃጠለው ምናልባት ሁለት ነገር ነው። ወይ ቮልቴጁ ወርዷል፣ ወይ ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ከሚመጡት ሦስት የኃይል ሽቦዎች፣ አንዱ ጎድሏል። በሁለቱም ሞተሩ ሸክሙን ለመጎተት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ጥቅሉ ይቀልጣል። ድምፁ ይለወጣል፣ ያጉረመርማል፣ ሰምተውት ይሆናል። ከሌላው ሁሉ በፊት ለዚህ የሚሆን መከላከያ ያስገጥሙ፤ ፌዝ ፌለር ሪሌይ በሉት፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ያውቁታል። ፌዝ ሲጎድል ወይም ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱ ይቆርጠዋል። አንድ ሞተር ከማስጠቅለል በብዙ ይረክሳል።

ስለ ሶላሩ። ወፍጮዎ 15 ኪሎ ዋት ሞተር አለው እንበል። እሱን ለማዞር ወደ 20 ኪሎ ዋት ፓኔል ያስፈልግዎታል። ባለ 550 ዋቱ ከሆነ 36 ገደማ ነው፣ ጣሪያም ሜዳም ተደምሮ መቶ ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ። ሞተሩን በቀጥታ ሳይሆን ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ኢንቨርተር ያስነሱታል፣ አለዚያ ሲነሳ የሚስበው ከረንት ፓኔሉን ይጥለዋል። እዚህ ላይ ያለው ጥሩ ነገር ወፍጮ ባትሪ አይፈልግም። ጤፉ ማታ ካልተፈጨ አይልም። ከጧቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ሳለች ይፈጩ፣ ደንበኛውም ሰዓቱን ይለምደዋል። ባትሪ እናስገባልህ የሚል ነጋዴ ከመጣ በጨዋ ቋንቋ ይሸኙት።

ሐምሌና ነሐሴ ግን ይቸገራሉ። የጎጃምን ክረምት እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፣ ሰማዩ ለሳምንት አይከፈትም። ስለዚህ የመብራቱን ቆጣሪ አያስነሱ። ሁለቱንም ይያዙ። ናፍጣ ሞተር ካለዎትም አይሽጡት፣ እሱም ለክፉ ቀን ነው። ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ሪሌይ፣ ቀጥሎ ሶላር ነው።

ጥያቄ፦ «እኛም አገር ድንጋይ ከሰል አለ ይባላል። ለምን የከሰል ማመንጫ አንተክልም? እነሱ አንድደው ካለፈላቸው በኋላ ለኛ ሲሆን ክልክል ይሆናል?» ከደጀን

ክርክሩ ፍትሐዊ ነው። እንግሊዝ የመጀመሪያውን ለሕዝብ መብራት የሚሰጥ የከሰል ጣቢያ ለንደን ላይ በ1882 ከፍታ የመጨረሻውን የዘጋችው በመስከረም 30 ቀን 2024 ነው። መቶ አርባ ሁለት ዓመት ነድዶላታል።

ግን እልህ ኪስ አይሞላም። የእኛ ከሰል አሁን የሚሄደው በዋናነት ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። እቶኑ ያን ያህል ግለት ይፈልጋል፣ ለእሱም ከውጭ በዶላር ሲገባ የኖረ ነገር ነው። አገር ውስጥ የተገኘው እዚያው ቢውል ይሻላል። ለመብራት ውኃው፣ ነፋሱና ፀሐዩ እያለ ከሰል ማንደድ ርካሹን ትቶ ውዱን መግዛት ነው። አበዳሪም አይገኝም። ቻይና እንኳ በመስከረም 2021 ከአገሯ ውጭ አዲስ የከሰል ማመንጫ አልተክልም ብላለች። ለተማሪው እንዳልኩትም የከሰል ጣቢያ ቀስ ብሎ የሚነሳ ነገር ነው። እኛ የሚጎድለን እንዲህ ያለው አይደለም።

ጥያቄ፦ «እኛ የምንኖረው ዲከረንስ ተክለን፣ አክስለን፣ በመኪና እየጫንን ነው። ልጆቼን ያስተማርኩት በዚህ ነው። ከሰል ይዘጋ የሚባለው ነገር አንድ ቀን እኛም ጋ ይመጣል?» ገበሬ፣ ከፋግታ ለኮማ

አባቴ፣ እነሱ የዘጉት ከመሬት የሚቆፈረውን ነው። የእርስዎ ዛፍ ተቆርጦ እንደገና ይተከላል፣ በአምስት ዓመት ገደማ ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ዛፉ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፣ ቀጥሎ ሳር ያጭዳሉ። የተጎዳ አሲዳማ መሬት ላይ ይህን ያህል የሠራ ዛፍ ብዙ አይገኝም። ማንም ከአውሮፓ መጥቶ ይህን ዝጉ አይልዎትም።

ስጋቱ ግን ከሌላ በኩል አለ። አንደኛው ዛፉን የያዘው በሽታ ነው፣ እሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል። ሁለተኛው ገበያው ነው። ከሰልዎን የሚገዛው የከተማ ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ከሰል ይወደዳል፣ መብራት ካልጠፋ ሰው ወጡንም በምድጃ ይሠራል። ዛሬ አይደለም፣ በሚቀጥለው ዓመትም አይደለም። ይመጣል ግን።

የደቡብ አፍሪካው ኮማቲ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ኤስኮም የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ኮማቲ ያለውን አሮጌ የከሰል ጣቢያ በጥቅምት 2022 ዘጋ። የዓለም ባንክ 497 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛውን በብድር፣ አጸደቀ። እዚያው ግቢ 150 ሜጋ ዋት ፀሐይ፣ 70 ሜጋ ዋት ነፋስና ባትሪ ይተከላል ተባለ። ወረቀቱ ላይ ያማረ ነበር። የሆነው ግን ጣቢያው ቀድሞ ቆመ፣ ምትኩ ዘገየ። ቋሚ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ። የኮንትራት ሠራተኛው፣ ምግብ ሻጯ፣ ቤት አከራዩ ግን የት ይዛወሩ? በኋላ የደቡብ አፍሪካ ባለሥልጣናት ራሳቸው አዘገጃጀቱን ነቅፈውታል። ብዙ ቅሬታ የተነሳው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ስለዚህ እርስዎ ጋ ማንም መጥቶ ምትክ እስኪያዘጋጅ አይጠብቁ። ማሳውን ሁሉ ለዲከረንስ አይስጡት። ድንቹ አለ፣ አገሩ የድንች አገር ነው። ዛፉንም ሁሉንም ለከሰል ከማዋል ለአጠናና ለማገር የሚሆነውን ለይተው ቢያቆዩት ሌላ ገዢ ይኖርዎታል። የቀረውን ልጆቹ ስለተማሩ እነሱንም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ «ውጭ አገር መብራት በሰዓት በሰዓቱ ዋጋው ይለያያል አሉ። እውነት ነው? የኔ ምጣድ ማታ ማታ እንደ ነገሩ ነው፣ ከታች ጥሬ ከላይ ደረቅ እያወጣ አሳበደኝ።» ከፍኖተ ሰላም

እውነት ነው እህቴ። በብዙ አገር ማታ ሰው ሲበዛበት ውድ፣ ሌሊትና ነፋስ ሲበዛ ርካሽ ይሆናል። አንዳንዴ ነፋሱ ከመጠን ሲያልፍ የጅምላው ዋጋ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ማለትም አመንጪው ውሰዱልኝ ብሎ ይከፍላል። ሰው ልብስ ማጠቢያውን ሌሊት ያስነሳል። ይህም የፍሌክሲብሉ አንድ ወገን ነው፣ ማመንጫው ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውም ሰዓቱን ሲያንቀሳቅስ።

ምጣድሽ አልተበላሸም ይሆናል። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር ባለ 100 ኬቪኤ (ወደ 100,000 ዋት የሚሸከም) ከሆነ 28 ምጣድ ባንድ ጊዜ ሲሰካ ሞላ ማለት ነው፣ ፍሪጁና አምፖሉ ሳይቆጠር። አርብ ማታ ስንት ቤት ይጋግራል? ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ሲወርድ ግለቱ ወደ ሃያ በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ያኔ እንጀራው ዓይን አያወጣም። በጧት ጋግሪ። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግራችሁ ቀን ብትከፋፈሉ ደግሞ የሁላችሁም እንጀራ ያምራል። ገመዱንም እይው። ቀጭን ገመድና የላላ ሶኬት ካለሽ ከግለቱ የተወሰነው እዚያ ይቀራል፣ ቤትም ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ «ሁሉን ነገር በውኃ ላይ ጥለን ዝናብ ቢቀርስ?» ከሞጣ

ቀርቶም ያውቃል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ስለቀነሰ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ገባ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በፊትም ፈረቃ አይተናል። ነፋስና ፀሐይ ለእኛ የሚጠቅሙን ለጌጥ አይደለም። የእኛ ነፋስ በበጋ ይበረታል፣ ፀሐዩም በበጋ ነው፣ ወንዞቹ ደግሞ የሚሞሉት በክረምት። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል። አሸጎዳ፣ አዳማ፣ አይሻ ላይ የተተከሉት ነፋሶች በበጋ የሚሰጡት እያንዳንዱ ሜጋ ዋት በግድቡ ውስጥ የሚቀር ውኃ ነው። ግን ከውኃው ጋር ሲተያዩ ገና ትንሽ ናቸው። ግድቡ ስላለቀ ነፋስና ፀሐይ ይቆይ የሚል ካለ አልስማማም፣ ይልቅ አሁን ነው ጊዜው። ሐይቁ እስካለ ድረስ የበለጠ ነፋስና ፀሐይ መሸከም ይቻላል።

ጎረቤቶቻችንም አሉ። ከኬንያ ጋር ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከ2022 ጀምሮ ኃይል ያስተላልፋል። እነሱ ከመሬት ሙቀት የሚያመነጩት ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም አይቋረጥም። እኛ ለእነሱ የምንሸጥበት መስመር በክፉ ዓመት ከእነሱ የምንገዛበት ሊሆን ይችላል። መስመር በሁለቱም በኩል ይሄዳል።

ጥያቄ፦ «እንግዶች ፏፏቴውን ለማየት ይመጡና ቀጭን ውኃ አይተው ያዝናሉ። በለስ ነው የወሰደብን። አሁን ትልቁ ግድብ ስላለ ፏፏቴያችን አይመለስም?» አስጎብኚ፣ ከጢስ ዓባይ

ውኃውን የወሰደው በለስ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ሲጀምሩ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው ነበር የሚወስዱት። በለስ ከመጣ በኋላ ሁለቱ ተጠባባቂ ሆኑ፣ ግን ውኃው ራሱ ከሐይቁ ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ትልቁ ግድብ ስላለ ብቻ በራሱ አይመለስም፤ ከበለስ በኩል ትንሽ ተቀንሶ ወደ ዓባይ ይለቀቅ የሚል ውሳኔ ይፈልጋል። ከጣና ወደ ዓባይ የተለቀቀ ውኃ ደግሞ መጨረሻው ጉባ ስለሆነ እዚያ እንደገና ተርባይን ያዞራል፣ ሙሉ በሙሉ አይባክንም። ይህን ክርክር ይዛችሁ ብትሄዱ የሚሰማችሁ የምታገኙ ይመስለኛል። እስከዚያው እንግዶቹን ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አምጧቸው፣ የዝናብ ካፖርት ይዘው።